የቡድን ብድር ልድገም ወይስ ይቅርብኝ?

ሰፊዋ ከደሴ፦

እንደምን ናችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፤ ስፌት ቤት አለኝ። ቤት ስላችሁ አንድ ክፍል ናት፣ በሩ ላይ የተማሪ ሸሚዝ የሚሰቀልባት። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሦስት የስፌት መኪና አጥቼ ከዜሮ ነው የጀመርኩት። አሁን ሁለት ሲንጀርና አንድ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ አለኝ። በብዛት የምሰፋው ዩኒፎርም ነው። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ።

ጥያቄዬ ስለ ብድር ነው፤ የአምናውን ካልነገርኳችሁ ግን አይገባችሁም።

አምና ሰኔ ላይ ከአንድ ብድርና ቁጠባ 120,000 ብር ወሰድኩ። በቡድን ነው፤ አምስት ሴቶች፣ አንዷ ለሌላዋ ዋስ። አንዷ ባልትና አላት፣ አንዷ ጀበና ቡና ታፈላለች፣ ሁለቱ ሳልቫጅ ይሸጣሉ። ወለዱ 18 በመቶ ነው አሉኝ። 12,000 ለቁጠባ ተብሎ ስለተያዘ እጄ የገባው 108,000 ነው። በየወሩ 11,800 እከፍላለሁ።

አንድ ብር አልበላሁበትም። ኦቨርሎኩን የገዛሁት በሱ ነው። ድሮ ጠርዙን ለማስዘምዘም ልብሱን በማዳበሪያ ተሸክሜ ሌላ ሰው ቤት ነበር የምሄደው፣ በፍሬ እየከፈልኩ። በተረፈው ቴትሮን ጨርቅ በጣቃ አመጣሁ።

አንድ የግል ትምህርት ቤት 260 ዩኒፎርም አዘዘኝ። ቀብድ ሲሶውን ሰጡኝ። ነሐሴን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጳጉሜ 3 አስረከብኩ። ቀሪው «ወላጆች ሲከፍሉ» ተባለ። ወላጆች ግን ከፍለዋል። ጎረቤቴ ልጇን እዚያው ነው የምታስተምረው፣ ደረሰኙን አሳይታኛለች። እኔ ጋ ብሩ የደረሰው ኅዳር 20 ነው።

ብድሩ ግን ወላጅ አይጠብቅም። የሐምሌንና የነሐሴን ከቀብዱ ከፈልኩ። የመስከረሙን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ሞላሁ። የጥቅምቱን ከየት ላምጣ? እኔ ካልከፈልኩ ቡና የምታፈላዋ ልትጠራ ነው። ስለዚህ የልጆቹን ደመወዝ ወስጄ ከፈልኩ። «ትንሽ ታገሡኝ» አልኳቸው። አንደኛዋ ታገሠች። ሌላዋ በሦስተኛው ሳምንት መቀሷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ምንም አልተናገረችም። መቀሱ የራሷ ነበር።

በሷ ምትክ የመጣችው ገና ቁልፍ መትከል እየለመደች ነው።

አሁን አንድ ክፍያ ብቻ ቀርቶኛል። «ጎበዝ ከፋይ ነሽ፣ 200,000 ተፈቅዶልሻል» ብለውኛል። ቡድኑም ዝግጁ ነው። በዚህ ላይ የታገሠችኝ ልጅ እርጉዝ ናት፤ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው፣ ልጁ ነሐሴን መረጠ!

ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞ 18 በመቶ ብለውኝ ሳስበው ከምጠብቀው በላይ የከፈልኩ ይመስለኛል። ሒሳቡ የሚገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ።

—

ዕጣው የወጣለት፦

እቁብ ግቢ ባክሽ። ወለድ የለው፣ ቅጽ የለው፣ ፎቶ ኮፒ የለው። ዳኛውን አነጋግረሽ ዕጣሽን ሐምሌ ላይ አድርጊ፣ አለቀ።

—

ሰፊዋ ከደሴ፦

እቁብማ አለኝ ወንድሜ። ዕጣዬ የወጣው ጥር ላይ ነው። ጥር ላይ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ካለ አምጣልኝ። ሐምሌን ደግሞ ነጋዴው ሁሉ ነው የሚፈልጋት።

—

ጡረተኛ ብድር ሠራተኛ፦

እህቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በብድርና ቁጠባ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሒሳቡን ላስረዳሽ።

18 በመቶ በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው «ፍላት» ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው 120,000 ላይ ነው። ስለዚህ 21,600 ወለድ፣ በድምሩ 141,600፣ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 11,800። ያንቺ ይሄ ነው። ሁለተኛው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰበው ነው። በዚያኛው ቢሆን ኖሮ የወሩ ክፍያ 11,000 ገደማ፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ 12,000 ገደማ ነበር። ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ነው የሚባሉት። ጥር ላይ ከብድሩ ግማሹን መልሰሽ ነበር፤ ወለድ የምትከፍዪው ግን በመለስሽውም ላይ ነው። ያንቺን ፍላት ወደ ሁለተኛው አሠራር ብንቀይረው ከ30 በመቶ በላይ ይመጣል። የተያዘብሽን 12,000 ስናስብ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ስለዚህ ቢሮ ስትገቢ «ስንት በመቶ ነው?» አትበዪ። «በዋናው ላይ ነው ወይስ በቀሪው? እጄ የሚገባው ስንት ነው? ጠቅላላ የምመልሰውስ?» በዪ። የክፍያ ሠንጠረዡንም በወረቀት ተቀበዪ። መስጠት ግዴታቸው ነው፣ እንዳታፍሪ።

ወደ ቡድኑ ልምጣ። ይሄ ነገር ከባንግላዴሽ የመጣ ነው። ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ከኪሱ አበደረ። ያ ነው አድጎ በ1983 እ.ኤ.አ. ግራሚን ባንክ የሆነው። እኛም በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 40 ወጥቶ ተቋማቱ ሲፈቀዱ የቡድን ዋስትናውን እንዳለ ተቀበልነው። የሚገርመው፣ ግራሚን ራሱ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አሠራሩን ሲያሻሽል አንዷ የሌላዋን ዕዳ ትክፈል የሚለውን ትቶታል።

ለምን እንደተወው እኔ ይገባኛል። አንድ ጊዜ አንዲት የጉሊት ነጋዴ ሁለት ወር ስትዘገይብኝ አራቱን ዋሶቿን ሰብስቤ በማለዳ በሯ ላይ ተቀመጥን። እንድታፍር ብለን ነው። ሴትዮዋ ወጣች፣ አየችን፣ ተመለሰች። ከዚያ ረከቦት ይዛ መጣችና ቡና አፈላችልን። ማንም ስለ ብድሩ አላነሳም። ሦስቱንም ጠጥተን ሄድን። እስከ ዛሬ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ያንቺ ትልቁ ችግር ግን ከወለዱም ከቡድኑም በፊት ቀኑ ነው። ለገበሬ ስናበድር እህሉን ሲሸጥ እንዲከፍል ነበር። ማንም በሐምሌ ክፈል አይለውም። ያንቺም መኸር መስከረምና ጥቅምት ነው። የትእዛዙን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና የእፎይታ ጊዜ ጠይቂ። ሁለት ወር እንኳ ቢሰጡሽ ብዙ ነው። ከቡድን ለመውጣት ከፈለግሽ ደግሞ አዋጅ 1147/2011 አለ፤ ኦቨርሎክሽን በመያዣነት ማስያዝ ይፈቅዳል። ሁሉም ቅርንጫፍ ይቀበልሻል አልልሽም፣ ጠይቂ።

200,000ውን «ስለተፈቀደልሽ» ብለሽ አትውሰጂ። እሱ የአበዳሪው ቁጥር ነው። ያንቺ ቁጥር ስንት ነው?

—

ሸዋበር ሰፈር፦

ወለዱ ራሱ ከከበደሽ ሙራባሃ የሚባለውን ከወለድ ነፃ አሠራር ጠይቂ። ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልሻል፣ በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ዋጋው ከጀመርሽ በኋላ አይንቀሳቀስም። ዘምዘምና ሒጅራ የሚባሉት ከወለድ ነፃ ባንኮች በ2013 ተከፍተዋል፤ ሌሎቹ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት አላቸው። የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚሰጡም አሉ፤ በክልላችን ዋልያ የሚባል ድርጅት አለ። ከፍለሽ እስክትጨርሺ መኪናው በነሱ ስም ይቆያል። ለጨርቅ መግዣ ግን ኪራዩ አይሆንሽም፣ ለማሽን ነው።

—

መቀሴን ይዤ፦

እኔ ስለዚያች መቀሷን ጠቅልላ ስለወጣችው ልጅ ነው የምጽፈው። አትቀየሚኝ።

እኔም እንደሷ የወጣሁ ነኝ። ከአንዲት ሰፊ ቤት ወጥቼ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ኪስ ብቻ ነው የምሰፋው፣ የሸሚዙን ሌላ ክፍል አላውቀውም። ደመወዙ ደግሞ ትንሽ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ተጽፏል፣ እሱ ነው ያለው። ነገር ግን ብሩ የሚገባበትን ቀን አውቀው ነበር። የቤት ኪራዬን በዚያ ቀን ነበር የማስበው። በኋላ ጦርነቱም፣ አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ መዘጋቱም ተደራረቡና ፋብሪካው ትእዛዝ አጣ፣ ተበተንን። ስሜን አትጠይቁኝ።

አንቺ ስትጽፊ «የልጆቹን ደመወዝ ወስጄ ከፈልኩ» ብለሻል። ቡድንሽ አምስት አልነበረም ማለት ነው። ሰባት ነበር። ሁለቱ አልፈረሙም፣ ብሩንም አላዩም፣ መጀመሪያ የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው።

ስለ እርጉዟ ልጅ ልንገርሽ። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፣ ላንቺም ይሠራል። «እኔ ትንሽ ነኝ» አያድንም። በፍሬ ብትከፍያትም፣ ወረቀት ባይኖራችሁም ሠራተኛሽ ናት። የጽሑፍ ውል ከሌላችሁ በ15 ቀን ውስጥ የሥራዋን ሁኔታ ጽፈሽ ፈርመሽ ልትሰጫት ይገባል። ለወሊድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ነሐሴ ላይ ሌሎቹን ስታስመሺ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት አይበልጥም። እስከ ማታ አራት ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ ከዚያ በኋላ 1.75። ጡረታም አለ፤ ካንቺ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛዋ 7። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ቀድመሽ ካላሰብሽው ሐምሌ ላይ «ታገሡኝ» ልትዪ ነው።

—

ሰፊዋ ከደሴ፦

ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የመጨረሻውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ብድርና ቁጠባው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ጋሼ እንዳሉት «በዋናው ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ስለው ሠራተኛው ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። በዋናው ላይ ነው። አይቀየርም፣ የተቋሙ አሠራር ነው አለ። እፎይታውን ግን ለኮሚቴ አቀርባለሁ ብሎ የትእዛዙን ወረቀት ኮፒ ወሰደ። ትናንት ደወለ፦ ሁለት ወር ተፈቅዷል።

200,000ውን አልወሰድኩም። ቁጭ ብዬ በደብተር ሳሰላው መኪና አያስፈልገኝም፣ ያለኝም ሰው የለውም። የጎደለኝ ሐምሌ ላይ ጨርቅ መግዣ ነው። 60,000 ጠየቅኩ። የምመልሰው 70,800 ነው። አሁን ቁጥሩን ሳልሰማው ሳይሆን አውቄው ነው የምገባው። ለቡድኑ ስነግራቸው ቡና የምታፈላዋ «እኔም የተፈቀደልኝን ሁሉ አልፈልገውም ነበር፣ እናንተን እንዳልቀንስባችሁ ብዬ ነው» አለች። ሁላችንም እንደዚያው ኖሯል! ቡድኑን ለጊዜው አልተውኩትም።

የአምናው ትምህርት ቤት ዘንድሮም አዘዘኝ። ግማሽ ቀብድ፣ ቀሪው ሳስረክብ አልኳቸው። «እንደዚህ አይነት አሠራር የለንም» አሉ። ይቅር አልኩ። ሆዴ ተላውሷል፣ አልዋሽም። አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት 140 ዩኒፎርም በዚሁ ውል ተስማምቷል፤ ፈርመናል።

ለእርጉዟ ልጅ ወረቀቱን በእጄ ጽፌ በሁለት ኮፒ ሰጠኋት። ሳቀችብኝ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ካነበበች በኋላ አጣጥፋ የስልኳ ሽፋን ውስጥ አስገባችው። አራት ወር ያለ ሥራ መክፈል ለኔ ቀላል አይደለም። ቀብዱ ሲገባ ከሱ ላይ ለይቼ ላስቀምጥ ነው ያሰብኩት፤ እስካሁን ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ስለ ጡረታው ገና አልጠየቅኩም።

ለመቀሷ ልጅ ደወልኩላት። ኮምቦልቻ መጋረጃ እየሰፋች ነው። ተመለሺ አላልኳትም። የሁለት ሳምንት ቀሪ ነበራት፣ በቴሌብር ላክሁት። «ደርሷል» ብላ ጻፈችልኝ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ኮሌታ የምትሰፋልኝ እጇ የለመደ ልጅ ካወቃችሁ ላኩልኝ። ደመወዝ የምከፍለው በየወሩ በ30ኛው ቀን ነው።