የቮልስ ካንዴላ፦ የቦሽ 8 እና የኤንጂኬ 8 አንድ ናቸው?

ጥያቄ (ከደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1970 ሞዴል የሆነች፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልስ አለችኝ። ካንዴላዎቿን ካስቀየርኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤት እስከ ፒያሳ የምትሄደው እየተቆራረጠች ነው። የወጡት ቦሽ ዳብሊው8ኤሲ ነበሩ፤ የመለዋወጫ ሻጩ ግን «ያው 8 ነው፤ ጥርሱም ይገጥማል» ብሎ ኤንጂኬ ቢ8ኤችኤስ ሰጠኝ። ዛሬ ፈትቼ ሳያቸው የአራቱም ጫፍ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ ጥላሸቱ ደረቅ ስለሆነ በጣት ሲነካ ይለቃል። አንዱ መካኒክ ጥፋቱ የደሴ ከፍታ ነው ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ ጥርሱ ረዘም ያለ ካንዴላ እንድገዛ መክሮኛል። የትኛውን ልስማ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ረጅሙን ካንዴላ በምንም ምክንያት እንዳይገዙ። በኤንጂኬ አጻጻፍ ኤች የሚለው ፊደል የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ሲያሳይ፣ ኢ የሚለው 19 ሚሊ ሜትር ነው። የእርስዎ ሞተር የተሠራው ለአጭሩ ስለሆነ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

የጥላሸቱ ዋና ምክንያት ግን ያ «ያው 8 ነው» የተባለው ነገር ይመስለኛል። ቁጥሩ የሚናገረው ካንዴላው ሙቀትን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስወግድ ሲሆን፣ ሁለቱ ፋብሪካዎች የሚቆጥሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በቦሽ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀት ይይዛል፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቦሽ 8 የሚቀርበው ለኤንጂኬ 5 ነው፤ ስለዚህ የተሸጠልዎት ሦስት ደረጃ የቀዘቀዘ፣ ለአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች የሚሆን ካንዴላ ነው። የካንዴላ ጫፍ የተቀመጠበትን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ፣ በአጭር የከተማ ጉዞ ይህኛው እዚያ አይደርስም። ቢ5ኤችኤስ ይግዙ።

መልስ (ከደሴ)

በቁጥሩ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ሆኖም የከፍታውን ነገር የነገርዎት መካኒክም ፈጽሞ አልተሳሳተም። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ደግሞ ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን ያበዛል። ይህ የሚታረመው በካርቡራተሩ እንጂ የባሰ ሙቀት የሚይዝ ካንዴላ በመግጠም አይደለም። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ናት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት አራት ሰው ጭና ስትወጣ የካንዴላው ጫፍ ከ850 ዲግሪ ካለፈ፣ ቤንዚኑ ከሰዓቱ በፊት ይቀጣጠልና ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ዳገቱን በየቀኑ የሚመላለስ ሰው እንዲያውም ቢ6ኤችኤስ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ቾኩንም፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን አጥብቦ ቤንዚኑን የሚያበዛውን ክዳን፣ ይመልከቱ። በዚህ ሞዴል ቾኩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥቅልል ነው፤ ሽቦው ከተነቀለ ቾኩ እንደተዘጋ ስለሚቀር ማንኛውም ካንዴላ ይጠቁራል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራቱንም ቢ5ኤችኤስ በእጄ እያዞርኩ ካስገባኋቸው በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ብቻ አጠበቅኋቸው፤ ክፍተታቸውንም 0.6 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። የቾኩ ሽቦ በእርግጥም ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያን ጊዜ የሳቅኩት በራሴ ነው። ኮምቦልቻ ደርሼ ተመልሼ ስፈታቸው ሦስቱ ቡና ዓይነት መልክ ይዘዋል፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ግን ከሌሎቹ ነጣ ብሏል። ያሰጋል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

በእርስዎ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ እሱ ሁልጊዜም ከሌሎቹ ይሞቃል። ትንሽ ነጣ ማለቱ የተለመደ ነው። እንደ ኖራ ነጭ ከሆነ ወይም ጫፉ ላይ የቀለጠ እንክብል ካዩ ግን ዳገቱን ሳይወጡ፣ በመጀመሪያ አየር የሚያስገባ ቦታ መኖሩንና የማቀጣጠያ ሰዓቱን ያስፈትሹ።