ለካነን 200ዲ የሚሆን ርካሽ ጊምባል የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የሐዋሳው
ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግና የልደት ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ካሜራዬ ካነን 200ዲ ሲሆን ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ኤስቲኤም ነው። ሙሽራዋን ከቤት እስከ መኪና እየተከተልኩ ስቀርጽ ምስሉ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ስለዚህ ጊምባል (ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋ እጀታ) ልገዛ ነው። ሦስት አማራጮች አሉኝ፤ ያገለገለ ዢዩን ክሬን ኤም2 (ከሁሉም ይረክሳል)፣ ያገለገለ ዢዩን ዊቢል ኤስ፣ ወይም ዱባይ ያለችው እህቴ ልትልክልኝ ያሰበችው አዲስ ዲጄአይ አርኤስ 3 ሚኒ። ክሬን ኤም2 እስከ 720 ግራም ይሸከማል ተብሏል። ይበቃኛል? የእህቴን ገንዘብ በከንቱ ማስወጣት አልፈልግም።

ብርሃንና ጥላ
እንደምረው። 200ዲ ከነባትሪው 453 ግራም፣ ሌንስህ 215 ግራም፤ ድምሩ 668። የሚተርፍህ 52 ግራም ነው። 42 ግራም የምትመዝነውን ትንሿን ማይክሮፎን፣ ሮድ ቪዲዮማይክሮን፣ ከላይ ብትሰካ ከነገመዷና ከነመያዣዋ አለቀልህ።

ደግሞ ነገሩ የክብደት ብቻ አይደለም። ኤም2 በዋናነት የተሠራው ለስልክ፣ ለጎፕሮና ለትንንሽ መስታወት አልባ ካሜራዎች ነው፤ ያንተ ግን ባለ መስታወት፣ ወፈር ያለ አካል ነው። ዙም ስታደርግ ሌንሱ ወደፊት ይወጣል፣ ሚዛኑም አብሮት ይሸሻል። ያን ጊዜ ሞተሩ መጮህና መጋል ይጀምራል። ኤም2ን ተወው።

ካሜራ ጠጋኝ
በዚህ እስማማለሁ። ዊቢል ኤስ በ2019 የወጣ ቢሆንም ትልልቅ ካሜራ ከ24-70 ሌንስ ጋር እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ 200ዲ አያስጨንቀውም። ችግሩ የተጠቀመበት ሰው እንዴት እንደያዘው አለመታወቁ ነው። ስለዚህ የራስህን ካሜራ ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ በራሱ ካሜራ የሚያሳይህን አትመን።

በመጀመሪያ ጊምባሉን ሳታበራ ሚዛን አስይዘው። ወደላይና ወደታች የሚያጎነብሰውን ክንድ አስቀድም፣ ቀጥሎ ወደ ጎን የሚያዘነብለውን፣ በመጨረሻ ዙሪያውን የሚዞረውን። ካሜራውን ሰማይ አሳይተህ ስትለቀው እዚያው መቆም አለበት። ሳይበራ የማይቆም ከሆነ ወይ አላስተካከልከውም፣ ወይ ማጥበቂያው ብሎን ጥርሱ ተበልቷል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቀህ ክንዱን በጣትህ ገፋ አድርገው፤ ከተንሸራተተ ተወው።

ከዚያ አብራና ጆሮህን ወደ ሞተሮቹ አስጠጋ። ዝም ማለት አለባቸው። ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ሻይህን እስክትጠጣ ተወው፤ ስትመለስ ካሜራው በራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ወይም አዘንብሎ ካገኘኸው ካሊብሬሽን አድርግለት (ሴንሰሮቹን እንደ አዲስ ማስተካከል ማለት ነው)። ያም ካልፈታው የሞተር ወይም የሴንሰር ጣጣ ነው፤ ወደዚያ አትግባ።

ባትሪዎቹ ሁለት 18650 የሚባሉ ክብ ሊቲየም ባትሪዎች ናቸው፣ ይወጣሉ፣ ይቀየራሉም። ይህ ለሠርግ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፔር የሚል የተጻፈባቸው ይሸጣሉ። በዚያ መጠን ባትሪ ያን ያህል ኃይል አይገባም፤ ውሸት ነው።

እማማ ቪዲዮ
ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጊምባል የሚያርመው የእጅህን መዞርና ማዘንበል እንጂ የእርምጃህን ዝላይ አይደለም። ሦስቱ ሞተሮች ሽክርክሪትን ይይዛሉ፤ ሰውነትህ ወደላይ ወደታች ሲነጥር ግን ካሜራውም አብሮህ ይነጥራል። ከሙሽራዋ ኋላ ስትሄድ ጉልበትህን አጠፍ አድርግ፣ ተረከዝህን አስቀድመህ ቀስ ብለህ አውርድ። ሌንሱን ሰፊው ላይ፣ በ18 አድርገህ ቅረጽ፤ አቅርበህ በ55 ብትከተላት ጥቂቷ ንዝረትም ጎልታ ትታያለች።

ካሜራውን በሜኑው ውስጥ ወደ ፓል (25 እና 50 ፍሬም የሚሰጠው የቪዲዮ ሥርዓት) አድርገውና በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል)፣ በ1/100 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት ቅረጽ። በ25 ስታጫውተው እርምጃህ በግማሽ ይቀንሳል፣ ለስለስ ይላል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሹም መብራት ብልጭ ድርግም አይልብህም። ካሜራው ውስጥ ያለውን ዲጂታል ማረጋጊያ ደግሞ አጥፋው፤ ምስሉን ይቆርጥብሃል።

የሐዋሳው
እናመሰግናለን እማማ፤ 50 ፍሬሙን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ የ200ዲ ስክሪን ወደ ጎን ይከፈታል። ጊምባል ላይ ሆኖ ይከፈታል ወይስ ክንዱ ይከለክለዋል?

ብርሃንና ጥላ
ብዙ ጊምባሎች ላይ የኋላው ሞተር ስክሪኑን ይሸፍናል። በዊቢል ኤስ ግን ሞተሩ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ስክሪኑን ሳትከፍተውም ታየዋለህ። ከፍተህ መቅረጽ ከፈለግክ ሚዛኑን ስትሠራም ከፍተህ ሥራ፤ ዘግተህ አስተካክለህ በኋላ ብትከፍተው ካሜራው ወደ ግራ ይከብዳል።

ዱባይ ነዋሪ
አርኤስ 3 ሚኒን እኔ እጠቀምበታለሁ። በ2023 ወጣ፣ 2 ኪሎ ይሸከማል፣ ራሱ 795 ግራም ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ይህ ቅለት ለእጅ አንጓ ትልቅ እፎይታ ነው። ባትሪው 10 ሰዓት ድረስ ይሠራል ይባላል፤ ግን እጀታው ውስጥ የታሸገ ነው፣ ካለቀ መቀየር የለም። ለአንድ ቀን ሠርግ ማታ ሞልተህ ከተኛህ ይበቃል። ሲመጣልህ መጀመሪያ በስልክ መተግበሪያና በኢንተርኔት ማስጀመር ያስፈልገዋል፤ ይህን የሠርጉ ዕለት ጠዋት አታድርገው።

እህትህ በሰው እጅ የምትልከው ከሆነ ተጓዡ ከእጁ ሻንጣ ውስጥ ይያዘው፤ ሊቲየም ባትሪ ነው።

ካሜራ ጠጋኝ
እኔ ብሆን ዊቢል ኤሱን ሄጄ እፈትነዋለሁ። ካለፈ እገዛዋለሁ፣ እህቴንም አላስቸግርም። አንዱ ብሎን እንኳ ከተንሸራተተ ግን አልከራከርም፤ ለእህቴ ደውዬ ሚኒውን አስልካለሁ።