ቀለም ያልሞላ ስንኝ ነጥብ ይቀነስበት?

ጥያቄው፦ ባሕር ዳር ላይ በሚደረግ የተማሪዎች የግጥም ውድድር ምጣኔው የተዛነፈ ስንኝ ነጥብ ይቀነስበት ወይ? ለመከራከሪያ ይህችን ያዙ፦

የጣና ዳር ንፋስ ታንኳዬን ሰበረው፣
እኔን ዳር አስቀርቶ ልቤን አሻገረው።

ጠመኔ፦ ይቀነስበት እንጂ! ይኼ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ነው፤ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም በጆሮ የሚቆጠር የቃል ክፍል። የ፣ ጣ፣ ና፣ ዳር፣ ን፣ ፋስ፤ ሞላ። እስቲ «የጣና ዳር ኃይለኛ ንፋስ» በሉት፤ ዘጠኝ ይሆናል፣ አንባቢው ትንፋሽ አጥሮት ሁለተኛው ሐረግ ላይ ይንገዳገዳል።

ደንገል፦ አያ ጠመኔ፣ ጠቤ ከቆጠራው ሳይሆን ከቆጣሪው ነው። ፊደል የሚቆጥር ዳኛ አለ። በፊደል ከሄድን አራቱ ሐረጎች 8፣ 9፣ 10፣ 8 ናቸው፤ በጆሮ ግን ሁሉም 6። ጉዱ ሳድስ ላይ ነው፦ የ«ንፋስ» «ን» ራሷን ችላ ትቆጠራለች፣ «ስ» ግን «ፋ» ላይ ተደግፋ ትዋጣለች። ጮክ ብሎ ያላነበበ ዳኛ ነጥብ አይንካ።

የቅኔ ልጅ፦ እዚህ አገር ስለ ልክ መከራከራችን ይገርማል። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና 2 ቤት (መስመር)፣ መወድስ 8 ቤት ነው፤ አንድ ቢጎድል ማን ይቀበለዋል?

ደንገል፦ እሱ የግእዝ ቅኔ ነው ወንድሜ። የአማርኛው የራሱ ልክ አለው፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት፣ የባለቅኔው የጸጋዬ ገብረመድኅን «የጸጋዬ ቤት» ስምንት ስምንት። ገጣሚው በየትኛው እንደጀመረ ሳይለይ ሁሉን በወል ቤት መስፈር ግፍ ነው።

ማዕበል፦ ስሜቱንስ ማን ይቁጠር? «ንፋስ»ን አውጥታችሁ «ወጀብ» አስገቡ። ቀለሙ ያው ስድስት፤ ትካዜው ግን ወደ ድንጋጤ ዞረ። ደግሞ መጨረሻውን «እኔን ዳር አስቀርቶ ልቤን…» ብሎ ቢቆርጠውስ? አራት ቀለም ጎደለ፣ ቤትም አልመታ፤ ዝምታው ግን ማዶ ድረስ ይሰማል።

ጠመኔ፦ ሌላው ሁሉ ስድስት ስድስት ከገባ እቀበላለሁ፤ ጆሮ የለመደውን ነው የነፈገው። መሐሉም ዳሩም የተዛነፈ ከሆነ ግን ምን ጎደለ ይባላል? ቤት ሲመታም «ሰበረው» ከ«ወሰደው» ጋር በ«ው» ብቻ ተገናኘ ተብሎ ሙሉ ነጥብ አይሰጥ። «ሰበረው» እና «አሻገረው» «ረ»ም ይጋራሉ።

ደንገል፦ በዚህስ ተስማማን። ጮክ ብሎ ማንበቡን ግን አልመለስክልኝም።