የመምህራን ዕውቅና በተማሪዎች የፈተና ውጤት ይለካ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ለመምህራን የሚሰጠው ዕውቅና፣ ሽልማትና የደረጃ እድገት ከተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት ጋር ይያያዝ ወይስ አይያያዝ የሚል ነው። አሁን ባለው አሠራር አንድ መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ መሪና ከፍተኛ መሪ መምህር እስከሚባልበት ደረጃ የሚደርሰው በዋናነት በአገልግሎት ዘመኑና በሚሞላለት የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ነው። ተሳታፊዎች ስማቸውን መጻፍ አይጠበቅባቸውም፤ የሥራ ድርሻቸውንና አካባቢያቸውን ቢገልጹ ይበቃል።

ርዕሰ መምህር፣ አዲስ አበባ፦ መያያዝ አለበት እላለሁ። የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ትጉሁን ከቸልተኛው መለየት ካቆመ ቆይቷል። ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠ ኃላፊ ቅሬታ፣ ኮሚቴና ቂም ስለሚከተለው፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ቅጹ ሲሞላ ሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይዞ ይወጣል፤ እኔም ይህን ቅጽ የምሞላ ሰው ስለሆንሁ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢል ነው። እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች በዚያው ዘመን የመምህራን የምዘና ነጥብ አንድም ንቅንቅ አላለም። ተማሪው ሲወድቅ መምህሩ የማይወድቅበት፣ ተማሪው ሲያልፍም መምህሩ የማይመሰገንበት አሠራር ለማን ሲባል እንደሚቀጥል ይነገረኝ።

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦ ርዕሰ መምህሩ ስለ ምዘናው የጻፉት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። በ9ኛ ክፍል የፍጥነት ቀመር ላስተምር ስገባ፣ ርቀቱን ለጊዜው ማካፈል የሚያቅታቸው ተማሪዎች ከፊቴ አሉ። ለአብነት 3ን ለ4 አካፍሉ ስል ብዙዎቹ 4ን ለ3 ያካፍላሉ፤ ትንሹ ቁጥር ለትልቁ ይካፈላል ብሎ ያሳያቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የፊዚክሱን ክፍለ ጊዜ ለክፍልፋይ አውለዋለሁ፤ ምዕራፉም ሳያልቅ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ ልጆች ከ20 ወደ 35 ቢደርሱ የሠራሁት ሥራ ትልቅ ነው፤ በፈተናው መለኪያ ግን ሁሉም ወዳቂ ናቸው፣ እኔም አብሬ። በጎን ያለው ባልደረባዬ ደግሞ ከየክፍሉ ተመርጠው የተሰበሰቡ ጎበዞችን ይዞ ይሸለማል። በዚህ ላይ ኩረጃን ለመከላከል ፈተናውን ከትምህርት ቤት አውጥተን ዩኒቨርሲቲ ድረስ በወሰድንበት አገር፣ የመምህሩን እድገት ከዚያው ነጥብ ጋር ማሰር ፈታኙንና ተፈታኙን በአንድ ጥቅም ማቆራኘት ይሆናል፤ በተለይ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጡት ፈተናዎች ላይ።

ዕውቅና የማያስፈልገኝ ሆኖ እንዳይታሰብ። በሥራዬ ከተሰጡኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን የነበሩ ሰው ከኋላ ዴስክ ላይ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ካዩኝ በኋላ የነገሩኝ ነው። «ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን መልሱን ልጆቹ ሳያስቡ አንተው ትመልሳለህ፤ ጠይቀህ ዝም በል» አሉኝ። ቀጥለውም የብርሃን ስብረትን በውኃ ብርጭቆና በእርሳስ ያሳየሁበትን መንገድ እሳቸውም ክፍል ሊጠቀሙበት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ያ ሰው ሥራዬን አይቷል። ከዚያ በኋላ የተቀበልኋቸውን ሰርተፊኬቶች የፈረሙት ሰዎች ክፍሌ ገብተው አያውቁም።

መምህርት፣ ሰሜን ሸዋ፣ ገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ እኛ ዘንድ ሽልማት በዓመቱ መዝጊያ ላይ በተራ ነው የሚሰጠው። አምና እሷ ወስዳለች፣ ዘንድሮ ለእሱ ይሁን ይባላል። ተሸላሚውም ይህን ስለሚያውቅ የተሰጠውን ተቀብሎ ሲቀመጥ ፊቱ ላይ ደስታ አይታይም። ክፉ ሐሳብ ኖሯቸው ሳይሆን መምህራንን ላለማጣላት ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም የለፋ ሰው ድካሙ ከሌላው ጋር እኩል ሲቆጠርበት ለከርሞው ምን ብሎ ይለፋል?

ወላጅ፣ አዳማ፦ መምህር አይደለሁም፤ ሦስት ልጆች አስተምራለሁ። ጎበዝ መምህር ማን እንደሆነ ለማወቅ የፈተና ውጤት ጠብቄ አላውቅም፤ የልጆቼን ደብተር አገላብጣለሁ። የአራተኛ ክፍሏ ልጄ የሒሳብ መምህርት በስሕተት ምልክት ብቻ አታልፍም ነበር፤ ልጅቷ የሳተችበትን መስመር ታሰምርበትና «እዚህ ጋ የተበደርሽውን አልቀነስሽም» ብላ በቀይ ትጽፍበታለች። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ሥራዋን ለቅቃ የግል ድርጅት ገባች። ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው እንኳ ያንን ደብተር ገልጦ አይቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ትለቀቅ ነበር ብዬ አላምንም።

አሠልጣኝ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ጎንደር፦ ጥያቄው በሌሎች አገሮች ስለተሞከረ ውጤቱን ማየት ይጠቅማል። በምዕራብ ኬንያ በተማሪዎች ውጤት ላይ የተመሠረተ ሽልማት ለመምህራን ተሰጥቶ ነበር። ሽልማቱ በታሰረበት ፈተና ላይ ነጥቡ ከፍ አለ፤ መሻሻሉ ግን አልዘለቀም። የጨመረው የፈተና ማዘጋጃ ክፍለ ጊዜ እንጂ የመምህራን ከክፍል አለመቅረት ወይም የማስተማር ዘዴ አልነበረም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ደግሞ ተመሳሳይ ሽልማት በሒሳብም በቋንቋም ውጤት አሻሽሏል፤ እዚያ ግን የተለካው ተማሪው ከነበረበት ምን ያህል ተሻሻለ የሚለው ነው እንጂ ስንቱ አለፈ የሚለው አይደለም። የደሴው መምህር ከ20 ወደ 35 ያሉት በዚያ አሠራር ይቆጠርላቸው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «አይሠራም» ብሎ መዝጋትም ልክ አይደለም።

ደሞዝን ብቻ ማሳደግስ? ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ መሠረት የሙያ ማረጋገጫ ያገኙ መምህራንን መነሻ ደሞዝ በእጥፍ አሳድጋለች። መምህራኑ በገቢያቸው ይበልጥ ረክተዋል፣ ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩትም ቀንሰዋል፤ የተማሪዎቻቸው ውጤት ግን አልተለወጠም።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ባሕር ዳር፦ ልጄ አሠልጣኙ የኢንዶኔዥያን ነገር ያነሡት በቅንነት እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ሲነገር እንዴት እንደሚሰማ ያስቡበት። ደሞዙ ወር ሳይደርስ የሚያልቅበት፣ ማታ ባጃጅ የሚነዳ መምህር ባለበት አገር «ደሞዝ ውጤት አያመጣም» የሚለው ወሬ ለበጀት ያዡ ጥሩ ሰበብ ይሆናል። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ መምህራን ለረጅም ወራት ያለ ደሞዝ ቆይተዋል፤ በደቡቡም የአገራችን ክፍል ደሞዝ የዘገየባቸው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት የደሞዝ ጥያቄን ሴክተር ሪቪው ከተባለው የመንግሥት የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ተቃውሞ ጋር አንድ አድርገው ነው፤ እንጀራቸውንና ሙያቸውን ለይተው አላዩም። መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን እያልን የምናከብረው እ.ኤ.አ. በ1966 ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ደረጃ ያወጡት ምክረ ሐሳብ የጸደቀበትን ዕለት ነው። በዚያው ሰነድ ውስጥ፣ የመምህራን ማኅበራት አስቀድመው ሳይመከሩና ሳይቀበሉት ደሞዝን የሚወስን የብቃት ምዘና ሥራ ላይ እንዳይውል ተጽፏል። በየዓመቱ ቀኑን ስናከብር ይህን አንቀጽ የሚያነብልን ሰው አላየሁም።

አሠልጣኝ፣ ጎንደር፦ አባቴ፣ ተግሣጹን ተቀብያለሁ፤ ሐሳቤንም ግልጽ ላድርገው። ደሞዝ የሚያኖር መሆን አለበት፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። ያልሁት፣ ደሞዝ መምህሩን በሥራው ላይ ያቆየዋል፣ ሥራውን በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ግን ሌላ ነገር ይወስነዋል ነው። ያ ሌላው ነገር ከደሴው መምህር ጽሑፍ ውስጥ አለ፦ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ክፍል ገብቶ አይቶ፣ ያየውን መናገር።

ርዕሰ መምህር፣ አዲስ አበባ፦ የማለፊያ ነጥብን ትቼ መሻሻልን በመለካት እስማማለሁ፤ ከዚህ ክርክር ያገኘሁት ነው። የክፍል ምልከታው ግን አሁንም አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጹን እንሞላለን። የታሪክ ምሩቅ ሆኜ የኬሚስትሪ ክፍል ስገባ የማየው ሰሌዳው በሥርዓት መያዙን፣ ተማሪዎቹ ዝም ማለታቸውንና የትምህርት ዕቅዱ መኖሩን ነው። መምህሩ ያስተማረው ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?

መምህርት፣ ሰሜን ሸዋ፦ የእኛ ደግሞ የጉድኝት (የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘሩ ለብዙ ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ መንገዱ በክረምት ይዘጋል። ሲመጣም መዝገብ አይቶ ይመለሳል።

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦ እንግዲያው ተመልካቹ መምህር ይሁን። በአንድ ጉድኝት ውስጥ ያሉ የአንድ ትምህርት መምህራን በሴሚስተር ጥቂት ጊዜ አንዱ የአንዱን ክፍል ገብቶ ይይ፤ ያየውንም በጽሑፍ ለባለቤቱ ይስጠው። ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል፤ ተሙማ እያልን ፋይል ከምናደልብበት ይህን ጊዜ ለዚህ እናውለው። ለደረጃ እድገት ሲቀርብም መምህሩ ባልደረቦቹ የጻፉለትን ይዞ ይቅረብ። ርዕሰ መምህሩን የምጠይቀው፣ ለዚህ ሥራ አንድ መምህር ግማሽ ቀን ይለቃሉ?

ርዕሰ መምህር፣ አዲስ አበባ፦ እለቃለሁ፤ ክፍለ ጊዜውን ማሸጋሸግ ይቻላል። የማልስማማው የመጨረሻው ላይ ነው። ጽሑፉ ለእድገት ከተቆጠረ፣ ዛሬ እኔ ዝቅ ያለ ነጥብ መስጠት እንደምፈራው ሁሉ መምህራንም እርስ በርሳቸው ውዳሴ ብቻ ይጻጻፋሉ። ካልተቆጠረ ደግሞ ያቺ የአዳማዋ መምህርት በምን ትቆያለች? ይህን ሳንፈታ ወደ ሌላው አንለፍ።