ለአደን ጠመንጃ ማዝል ብሬክ ላስገጥም ወይስ ይቅር?

ባለ300፦
ሰላም ወገኖች። ጠመንጃው .300 ዊንቸስተር ማግነም (ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት) የሚተኩስ፣ ከነቴሌስኮፑ 3.6 ኪሎ ነው፤ አፈሙዙ የመጠምዘዣ ጥርስ አልወጣለትም። ምቱ ከባድ ስለሆነ ቃታ ሳልስብ ዓይኔ ይጨፈናል። የማድነው ከመሪና ከውሻ ጋር ነው። ማዝል ብሬክ፣ ማለትም አፈሙዝ ላይ የሚጠመዘዘው ባለ ቀዳዳ ምት መቀነሻ፣ ያዋጣል?

አፈሙዝ፦
ምቱንስ ይቀንሳል። ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚያዞረው ጋዙ ጠመንጃውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ባሩድ በበዛ ቁጥር ሥራው ይጎላል፤ በማግነም ላይ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ዕዳው ጆሮ ላይ ነው። አንድ ተኩስ ጆሮ ሊጎዳ የሚችለው ከ140 ዲሲቤል ጀምሮ ነው፤ ማግነም ያለ ብሬክም ያንን በሩቁ ያልፈዋል። ብሬኩ ደግሞ ድምፁን ወደ አንተና አጠገብህ ወዳለው ሰው ይመልሰዋል። ልምምድ ላይ የጆሮ ውስጥ መድፈኛ አድርገህ ከላዩ ማፈኛ ደርብ። አደን ላይ ግን መሪህ ከአፈሙዙ ጎን ይሆናል፣ ውሻውም ጆሮው ክፍት ነው። እኔ ለአደን አልመክርም።

የቶርኖ ሰው፦
ካስገጠምክ ጥርሱ በቶርኖ ይውጣ፤ በእጅ በሚዞር ጥርስ ማውጫ በፍጹም አታስነካው። የበርሜሉ ቀዳዳ ከውጭው አካል ጋር ሁልጊዜ እኩል መሃል አይደለም፤ ባለሙያው መሃሉን ከቀዳዳው ይነሳ። የተለመደው ጥርስ 5/8-24 (ውፍረቱ 5/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ነው፤ በርሜልህ ቀጭን ከሆነ ግን ብሬኩ የሚያርፍበት ትከሻ አይተርፍም፣ ያኔ 14×1 (ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊሜትር) ይሻላል።

የብሬኩ መውጫ ከጥይቱ በ0.5 ሚሊሜትር ገደማ ይስፋ፤ ለ7.82 ጥይት 8.3 ማለት ነው። ከመተኮስህ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተህ፣ ለካሊበሩ የተሠራ ቀጥ ያለ መፈተሻ ዘንግ በአፈሙዙ አስገባና ከፊት ለፊት በባትሪ እይ። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ክፍተት እንደ ቀለበት እኩል መሆን አለበት። በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ አትተኩስ፤ ጥይቱ ብሬኩን ይመታል።

የጎን ቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ እኩል እንዲቆሙ ማሰሪያ ዳዶ ያለውን ምረጥ። ከታች ቀዳዳ ያለው ተኝተህ ስትተኩስ አቧራ ያስነሳብሃል።

ባለ300፦
እናመሰግናለን። ለልምምድ ገጥሜ ለአደን ባወጣውስ?

አፈሙዝ፦
ይቻላል፤ ነገር ግን የበርሜሉ ንዝረት ስለሚለወጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይዛወራል። በ100 ሜትር ከብሬኩ ጋር አምስት፣ ያለ ብሬኩ አምስት ተኩስና ልዩነቱን በቴሌስኮፑ ክሊክ ቆጥረህ ጻፈው። ሲወጣ ጥርሱን በክዳኑ ሸፍን።

ከዚያ በፊት ግን ርካሹን ሞክር፦ ሰደፉ ላይ 25 ሚሊሜትር ለስላሳ ጎማ፣ ሰደፉ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ክብደት፣ በ180 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ፈንታ 150 ግሬን ጥይት። የዓይኑን መጨፈን ደግሞ ብሬክ ብቻውን አያስለቅቅህም። ሌላ ሰው ሳያሳይህ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ያጉርስልህ፤ የማይተኩሰው ላይ ቃታ ስትስብ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ችግሩ ገና አለ።