ካውንቲያችን «የአደጋ ቀጠና» ተብሏል፤ ለፍየሎቻችን የሚከፈል ነገር አለ?

ባለ ፍየሉ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገኖች። እኔና ባለቤቴ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ባለ ገጠር ካውንቲ 60 ገደማ ፍየል እናረባለን። የምንሸጠው ለገናና ለፋሲካ፣ ዲሲ አካባቢ ላለው ሀበሻ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ጠፋ። ግጦሹ አልቆ ድርቆሽ እየገዛን ነው። ግልገሎችም ሞተውብናል። ጎረቤታችን «ካውንቲው የአደጋ ቀጠና ተብሏል፣ መንግሥት ይከፍላል» አለን። እውነት ነው? መሬቱ የኪራይ ነው።

እረኛው፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። የግብርና ሚኒስትሩ ካውንቲውን የአደጋ ቀጠና ሲሉት የሚከፈተው የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ነው። ብድር ደግሞ ብድር ነው፣ ትመልሰዋለህ። ለደረቀ ግጦሽ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ሌላ ነው፤ ኤል ኤፍ ፒ ይሉታል። እሱን የሚወስነው ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣው የድርቅ ካርታ ነው። ደረጃው ከዲ0 እስከ ዲ4 ይሄዳል፤ የከፋው ዲ4 ነው። በግጦሽ ወቅት ከካውንቲህ አንድ ጥግ እንኳ ዲ3 ከገባ የ3 ወር ክፍያ ይታሰባል። ዲ2 ከሆነ ግን ለተከታታይ ሳምንታት መቆየት አለበት። ለባለ ከብቱ የሚከፈለው ከወር የመኖ ወጪ 60 በመቶው ነው። ወጪው የሚሰላው በእነሱ ተመን ነው፣ በድርቆሽ ደረሰኝህ አይደለም። ደረሰኙን ግን አትጣለው።

መጀመሪያ ካውንቲህን ወደሚያገለግለው የኤፍ ኤስ ኤ ቢሮ (እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴር ክፍል) ደውለህ ቀጠሮ ያዝ። የእርሻ ቁጥር ከሌለህ ያወጡልሃል። ከዚያ የግጦሽ መሬትህን በኤከር ታስመዘግባለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው።

የዶሮዋ እናት፦ ስለ ግልገሎቹ ልጨምር። ለሞተ ከብት የሚከፍለው ፕሮግራም ኤል አይ ፒ ነው፤ በአየር ጠባይ ለሞተ የገበያውን ዋጋ 75 በመቶ ይሰጣል። ጉዱ ግን ድርቅ ብቻውን እንደ ምክንያት አይቆጠርም! ጎርፍ፣ መብረቅ፣ ከባድ ብርድ ወይም ከባድ ሙቀት ሲሆን ነው። ከዚያም በየዓመቱ ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ የሞተው ብቻ ይታሰባል። በምን ሞቱባችሁ?

ባለ ፍየሉ፦ አንዳንዶቹን ሲወለዱ ጥቁር ጥንብ አንሳዎች ናቸው የጨረሷቸው። ዓይናቸውን ነው የሚጀምሩት፣ አይታይም። ሁለቱን ካዮቲ (ቀበሮ መሳይ አውሬ) ወሰደብን።

የዶሮዋ እናት፦ አይዞህ ወንድሜ። ኤል አይ ፒ ከአየር ጠባይ ሌላ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ እንስሳ የገደለውንም ይቆጥራል፤ ጥንብ አንሳው የተጠበቀ ወፍ ስለሆነ ይካተታል። ካዮቲ ጥበቃ የለውም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ሬሳውን ሳትቀብር ፎቶ አንሳ፤ ቀኑ ይታይ። የእንስሳት ሐኪም ወይም ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ምስክር ቢያየው ይረዳል። ዛሬውኑ ለቢሮው አሳውቅ፣ ቀነ ገደብ አለው።

ጎመን አብቃይ፦ አትክልትም ካላችሁ ኤን ኤ ፒ የሚባል አለ፣ መደበኛ ኢንሹራንስ ለማይሸፍነው ሰብል። ግን አስቀድሞ የሚገዛ ነው። ጎመኑ ከደረቀ በኋላ ብትሄዱ «ለሚቀጥለው» ነው የሚሏችሁ። እርሻ ከጀመራችሁ 10 ዓመት ካልሞላ የምዝገባ ክፍያው ይነሳላችኋል።

ባለ ፍየሉ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኪራዩ በቃል ነው፣ ችግር አለው? ደግሞ እኔ ገና ግሪን ካርድ ነኝ።

እረኛው፦ ግሪን ካርድ ይበቃል። ኪራዩን ግን አከራይህን አስፈርመህ በወረቀት አድርገው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደያዝከው ይጻፍበት። ፍየሎቹ ያንተ ስለሆኑ ለግጦሹ የምታመለክተው አንተ ነህ፣ ባለ መሬቱ አይደለም።

ሒሳብ ያዥ፦ አንድ ነገር ብቻ፦ ይህ ገንዘብ ታክስ አለበት። 1099 የሚባል የገቢ ማሳወቂያ ወረቀት ይላክላችኋል፣ ስኬጁል ኤፍ በሚባለው የእርሻ ገቢ የታክስ ቅጽ ላይ ይገባል። ሲመጣ ሁሉንም ለድርቆሽ አታውሉት።