ኩላንት ከቀየርኩ በኋላ ሞተሩ ይሞቃል፦ አየር ነው ወይስ ቴርሞስታት?

የመኪናዬን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ቤት ውስጥ መቀየር ጀምሬ መሃል ላይ ስለቆምኩ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዝገት የመሰለውን አሮጌ ፈሳሽ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከራዲያተሩ ሥር አፍስሼ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሜ ካጠብኩ በኋላ፣ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። ይሁን እንጂ የመኪናው መመሪያ 6.5 ሊትር እንደሚይዝ ሲገልጽ፣ ራዲያተሩ ከ4 ሊትር በላይ አልቀበል አለ።

አሁን ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጠው) ሲሠራ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ለጥቂት ጊዜ ይሞቃል፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባም ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ የማይነካ ሆኖ ሳለ የታችኛው ለብ እንኳ አላለም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እንዳይጣመም ስለምሰጋ፣ የሙቀት ጠቋሚው ከግማሽ ሲያልፍ ወዲያውኑ አጠፋዋለሁ።

የማሞቂያው ጠባይ የፈሳሹ መስመር አየር መያዙን ያመለክታል፤ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የፈሳሹን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ) የሚገኘው በታችኛው ጎማ በኩል በመሆኑ ግን የዚያ ጎማ ቅዝቃዜ እሱንም ያስጠረጥረኛል። ቴርሞስታቱን ሳልፈታ ሁለቱን የምለይበት መንገድ አለ?

ሌላው የሚያሳስበኝ የድብልቁ መጠን ነው። ከአጠባው የቀረ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ስላለ፣ እስካሁን የገባው ያልተበረዘ ኩላንት 2 ሊትር ብቻ ሲሆን የሚያስፈልገው 3.25 ሊትር ነው። ከራዲያተሩ ጥቂት አፍስሼ ባልተበረዘ ኩላንት ብተካው ይስተካከላል ወይስ ሁሉንም አፍስሼ እንደገና ልጀምር?